ሁለት ቀን የሚቀቀለው ኮምፒውተር

«ኮምፒውተር ነው ወይስ ባቄላ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የሚቀቀለው?»

የታላቅ እህቱ ድምፅ ድሮም ለሹክሹክታ አልተፈጠረም። መሰላል ጫፍ ላይ ሆና መንገድ ማዶ ያለ ሰው ስታዝ የኖረች ናት። እሱ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ማስታወቂያ ሰሌዳ በሚሠሩባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ያለችው አንድ ወንበር የሱ ናት፣ ሌላው ሥራ ሁሉ በቁም ነው።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ባታጠፊው ኖሮ ይሄኔ አልቆ ነበር» አላት።

እውነቱን ነው። እህትየው እሳት ትፈራለች፣ ሱቅ ዘግታ ስትወጣ ዋናውን የመብራት ማጥፊያ ቀጭ ሳታደርግ ወጥታ አታውቅም። ቅዳሜ ለምሳ ስትወጣም እጇ ልማዱን አደረገ። አርብ ማታ ሱቁን እሱ ስለዘጋ ተርፎ ዥዥዥ ሲል ያደረው ኮምፒውተር እፍ እንዳሉት ሻማ ድርግም አለ። ይኸው ሰኞ ጠዋት ከሀ ተጀመረ።

ሰፈሩ «ቀስ በቀስ» ይለዋል። ሻይ እንኳ በማንኪያ ጫፍ ቀምሶ፣ አሰብ አድርጎ ነው ፉት የሚለው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የሱቁ ኮምፒውተር የሚሠራበት ሲስተም ተዘጋጅቶ የሚመጣ አይነት አይደለም፤ ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም የተጻፈበትን ጥሬ ጽሑፍ፣ አውርደህ እዛው ማሽንህ ላይ ራስህ ትገነባዋለህ፣ ሁለት ቀንም ይፈጃል። ከአራት ዓመት በፊት አዲሱን በአሮጌው ላይ ባንዴ ደረበበት። ኮምፒውተሩ እንደተኛ ቀረ። እህትየው ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊደል በምላጭ ስትቆርጥ ከረመች፣ የአውራ ጣቷን ጠባሳም በጠብ ቁጥር እንደ ምስክር ታቀርበዋለች። ይኸው አሁንም አቀረበችው።

«እየው። ደግሞ ሐሙስ አሥራ ሁለት አውቶቡስ ስም ሊለጠፍበት ይመጣል። አዲሱ የፊደል መቁረጫ ማሽን እዛ ጥግ ተገትሯል፣ አሮጌው ሲስተምህ ደግሞ አላውቀውም ይላል። የልጄ ባል በሃያ ደቂቃ ሌላ ሲስተም እጭንልሻለሁ ብሎኛል።»

«እኔስ?»

«አንተማ መሰላል ትወጣለህ።»

ቀስ በቀስ ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ። መሰላል ላይ ሦስተኛው ደረጃ ሲደርስ ከፍታ ፈርቶ መሰላሉን አቅፎ ይቀራል። ያቺን ወንበር አጣ ማለት ቀሪ ዕድሜውን መሰላል አቅፎ ሊኖር ነው።

«አዲስ መሰላል ስትገዢ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት።

«አንተን አስወጣበታለሁ።»

«ከዛ በፊት።»

«ይችል እንደሆነ የአሸዋ ጆንያ አንጠለጥልበታለሁ።»

«አሮጌውንስ ትሰብሪዋለሽ?»

«ምን ነክቶኝ? አጠገቡ ይቆማላ።»

«እኔም ይኸው ነው። አሮጌው ሲስተም በዲስኩ ላይ እንዳለ ይቀመጣል፣ አዲሱን ሌላ ዲስክ ላይ ነው የምገነባው። ሲያልቅ በአዲሱ አስነሳለሁ። እምቢ ካለ ወደ አሮጌው መመለስ ነው።»

እህትየው የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«እንወራረድ» አለች። «ረቡዕ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አዲሱ መቁረጫ አንድ ፊደል ካልቆረጠ፣ መሰላል ትወጣለህ።»

«ከቆረጠስ?»

«ያቺን ማጥፊያ ዕድሜ ልኬን አልነካትም።»

ተጨባበጡ። በነዚያ ሁለት ቀናት ሴትየዋ አሳሯን በላች። እጇን ስላላመነችው ማጥፊያዋን በካርቶን ሸፈነቻት። ያም ሆኖ ለምሳ ስትወጣ አጥፍቼው ይሆን እያለች ከመንገድ ሦስቴ ተመለሰች።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ግንባታው አለቀ። ቀስ በቀስ ጣቱን ማስነሻ ቁልፉ ላይ አሳረፈ።

«ቆይ» አለች እህትየው።

«ደግሞ ምን?»

«መመለሻውን ሞክረኸዋል? አዲሱ ከተገነባ ወዲህ በአሮጌው አስነስተህ አይተሃል?»

ቀስ በቀስ ጣቱን ከቁልፉ አነሳ። አልሞከረም። የሰፈሩ ጠንቃቃ፣ በራሱ ምሳሌ ተያዘ።

«የኔ ወንድም» አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጆንያውን ሳታንጠለጥል ልትወጣ ነበር።»

እሷው አስገድዳው በአሮጌው አስነሳ። ተነሳ። አጠፋው፣ በአዲሱ አስነሳ። ስክሪኑ ጠቆረ። እህትየው አውራ ጣቷን ጨበጠች። ከዛ ፊደላት እንደ ጉንዳን ሰልፍ ወረዱ፣ ጥግ ላይ የተገተረው መቁረጫም ጢጥ ብሎ ምላጩን አንቀሳቀሰ። ፍርርት፣ ፍርርት። አንዲት «መ» ፊደል፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተላቃ ወጣች።

«በይ እንግዲህ» አለ ወንበሩ ላይ ተንፈላሶ።

እህትየው በአገጯ የግድግዳውን ሰዓት አሳየችው። ስድስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ይላል።

ስልኩን አውጥቶ ዘረጋላት። ለስድስት ስድስት ጉዳይ።

«ያ ሰዓት እኮ እኔ እንዳላረፍድ ብለሽ አሥር ደቂቃ ያስቀደምሽው ነው።»

«የሱቁ ሰዓት እሱ ነው። ጠዋት የምትገባው በማን ሰዓት ነው?»

«በሱ።»

«እና ውርርዱ በማን ሊሆን ነበር?»

ያን ቀን ምሳ አብረው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ እህትየው እጇን ወደ ማጥፊያዋ ሰደደች፣ እሱም መሰላሉን በጎን እያየ እጇን ያዛት።

«ውርርዱ ገና አልተፈታም» አላት።

«ገና አልተፈታም» አለች፣ እጇን ግን ከማጥፊያዋ አልመለሰችም።