የተዋናይቷ ወተት

ጨለለቅቱ ከተማ፣ እኔም በተማርኩበት ትምህርት ቤት ግቢ፣ ልጄን ይዤ ለወተት እደላ ተሰልፌያለሁ። ከአጠገባችን ካለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የበሰበሰ የቡና ልጣጭ ሽታ ይመጣል። ያን ቀንም እንዲሁ ይሸት ነበር።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ጎረቤት ሄደን በምናየው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ አንዲት ሴት የእንጀራ ልጇን ወተት ውስጥ መርዝ ጨምራ ገደለቻት፤ በልጅቷ ቀብር ላይ ግን ከሁሉም በላይ አለቀሰች። በሳምንቱ ያቺው ሴት ከእርዳታ ሰዎች ጋር በዲላ በኩል ትምህርት ቤታችን መጥታ ለተማሪዎች ወተት ታድል ጀመር።

"አባባ፣ እሷ ናት!" ብዬ ይዘውኝ በመጡት አያቴ ጋቢ ውስጥ ተሸጎጥኩ።

አያቴ ሳቁ። "ተዋናይ ናት እኮ፣ ልጄ። ሥራዋ ነው። እንግዳ ሲሰጥሽ እምቢ አይባልም፤ በሁለት እጅሽ ተቀበዪ።"

ተቀበልኩ። ኩባያው ይፋጃል። ሴትዮዋ ጉንጬን ዳሰሰችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ።

አያቴ ሳቃቸውን አቆሙ። ትኩር ብለው አዩዋትና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ፦ "በቴሌቪዥኑም እንዲሁ ነበር ያለቀሰችው።"

"ልጠጣው?" አልኳቸው።

ዛሬ ሴትዮዋ የትልቅ በጎ አድራጎት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ወተቱን ግን አሁንም ራሷ ታድላለች። ስንቱን ልጅ እንዳስተማረች አገር ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ይኸው ተራችን ደረሰ። ጸጉሯ ሸብቷል። የልጄን ጉንጭ ዳሰሰችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

ልጄ እንዳስተማርኳት ኩባያውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"እማዬ፣ ልጠጣው?"