የይማም ጠመንጃና የሐርቡ ሽምግልና

ንጋት፣ ደሴ

የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ተኝቷል። እኔ በሹራብ ላይ ኮት፣ በኮት ላይ ጋቢ ደርቤ መናኸሪያ ቆሜያለሁ። ለታናሽ ወንድሜ ለሰይድ ሚስት ልንጠይቅ ወደ ሐርቡ እየወረድን ነው። ልጅቱ ዘይነባ ትባላለች፤ እሷን ካጣ ሌላ እንደማያገባ ሰይድ ምሏል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን፦ አጎቴ ሙሄ፣ አንድ ዝምተኛ ጎረቤታችንና ተናጋሪው እኔ። ተናጋሪነቱን ማንም አልሰጠኝም። ስለ ጥንት የሲራራ ንግድ በብሎግ የሚጽፍ ሰው እያለ ሌላ ማን ይናገራል ብዬ ራሴ ወሰድኩት።

ተሳፍረን ስንቀመጥ ሰይድ አንገቱን በሚኒባሱ መስኮት አስገብቶ፣ «ጋሼ፣ ይማምን እንዳትረሳ!» አለኝ።

ይማም ቅድመ አያታችን ነው። ጠመንጃው እስከ ዛሬ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ረፋድ፣ ኮምቦልቻ

የሐረጎ ቁልቁለት ይጠማዘዛል። ሙቀቱ ሲጨምር ልብሴን አንድ በአንድ አወልቃለሁ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሁሉንም ታቅፌ በላብ ተጠምቄያለሁ። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ፣ «ጋሼ፣ ደሴን እንዳለች ይዘዋት ወረዱ እንዴ?» አለ። መኪናው ሙሉ ሳቀብኝ።

ቁርስ ፉል በላን፤ ዋጋው ጨምሯል፣ ሰሐኑ ጠቧል። አጎቴ ሙሄ ትኩስ ዳቦ እየቆረሱ፣ «ወሬ አታርዝም። ሰዎቹ ትምህርት አልጠየቁንም» አሉኝ።

«አብሽሩ» አልኳቸው። ከዚያ እስከ ሐርቡ ድረስ፣ ሲራራው በየት በየት ወደ ባሕር ይወርድ እንደነበር በጣቴ እየጠቆምኩ አስረዳኋቸው። ጎረቤታችንን እንቅልፍ ወሰደው።

ቀትር፣ ሐርቡ

አቧራ፣ ባጃጅ፣ የማንጎ ጥላ። የዘይነባ አባት ሐጂ ይመር ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉን። «ተቀመጡ እንጂ» አሉን፤ የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ መቀመጥ ወግ አይደለምና ቆመን ጠየቅን።

«ዘር ይቆጠራ» አሉ ሐጂ። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና እንደሌለ ይጣራል። ጀመርኩ፦ ሰይድ፣ አሊ፣ አራጋው። ቀጣዩ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ይማም! ሲራራ እየመራ ታጁራ ወደብ ድረስ የወረደ፣ የፈረንጅ ጠመንጃ ይዞ የተመለሰ!»

«ማሻአላህ» አሉ ሐጂ። «ምን ሰጥቶ?»

ፈረንጆች ባሕሩ ዳር ወደብ ሲሻሙ፣ በዚህ መንገድ ጠመንጃ ሽቅብ፣ በባርነት የተነዳ ሰው ቁልቁል ይሄድ እንደነበር ራሴ ጽፌያለሁ፤ ያውም ከነፎቶው! የራሴን ቅድመ አያት ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

«የዝሆን ጥርስ… ሳይሆን አይቀርም» አልኩ።

እናትዬዋ ወይዘሮ ከድጃ ከበሩ ጥግ ሆነው ተናገሩ። «የኔንም ስሙ። እናቴ ፋጡማ፣ አያቴ ዘሀራ፣ ቅድመ አያቴ ሐሊማ። ከዚያ በላይ የለንም። ሐሊማን በልጅነቷ ሲራራ እየነዳት ሲያልፍ ታማ ቦርከና ወንዝ ዳር ጥለዋት ሄዱ። የዚህ አገር ሰው አንስቶ አዳናት፤ ስሟንም ያወጣላት እሱ ነው። ከዚህ በፊት የመጡት ሽማግሌዎች፣ ሰባት አልሞላላችሁም ብለው ተመልሰዋል።»

«የማን ሲራራ…» አልኩ።

«እሱን አላህ ያውቃል።»

አፈርኩ። ለሰይድም ፈራሁለት፤ ትዳሩን በገዛ ምላሴ ያፈረስኩበት መሰለኝ። በዚያ ሙቀት ለወጉ ብዬ መልሼ የደረብኩትን ጋቢ እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ያዳኑኝ አጎቴ ሙሄ ናቸው። «ጠመንጃው በዝሆን ጥርስ አልተገዛም። እኛስ ሰባት ሞልቶልን ምን እንደሠራንበት ይኸው ሰማችሁ። ባትሰጡንም አንቀየምም» አሉ።

ሐጂ ዞረው ሚስታቸውን አዩ።

«ልጄ ወዳዋለች፤ ልጃችሁም ነውር አልተገኘበትም» አሉ ወይዘሮ ከድጃ። «ግን ቃል ግቡልኝ። ልጅ ሲወለድ ሐሊማንም ይማምንም ቁጠሩለት። ያ ጠመንጃ በምን እንደተገዛም አትደብቁት።»

«ወላሂ!» አልን ሦስታችንም። ጎረቤታችን ቀኑን ሙሉ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ተቀመጡ» አሉ ሐጂ።

አመሻሽ፣ ደሴ

ጉሙ ተመልሷል፤ እኔም ልብሴን መልሼ ደርቤያለሁ። ሰይድ መናኸሪያ ይጠብቀናል።

«ሰጡን?»

«ሰጡን።»

ከነጋቢዬ ብድግ አድርጎ አዞረኝ። «ይማምንስ ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው» አልኩት።

ቤት ገብተን ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረድኩና መሐላችን አጋደምኩት።

«ተቀመጥ» አልኩት።