በባዶ ሆድ የሚዋጥ ክኒን

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ፣ መተማ ቆላ ውስጥ የትራክተር ኦፕሬተር ሆኜ በምሠራበት ጊዜ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ገንዳ ውሃ ተቀምጫለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁትም። በቅርቡ ደግሞ አንዲት ጎረቤቴ ለእንቅርቷ ክኒን ታዘዘላትና፣ "አኩሪ አተር ለታይሮይድ አይሆንም ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ ጋሼ?" ብላ ጠየቀችኝ። እንዲያው ለወሬ ያህል ነበር የጠየቀችኝ። "ሐኪምሽን ጠይቂ" አልኳትና ቤቴ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ምሳዬንም አልበላሁ።

ሚስቴ ጥሩወርቅ ትባል ነበር። ከወሎ ለሠፈራ ከመጡት ሰዎች አንዷ ናት። ከቤተሰቧ የተረፉት እናቷ እማማ ዘርፌ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ወንድሞቿ የእርዳታ እህል በሚታደልበት ቦታ ተራ ሲጠብቁ ነው የሞቱት። እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። ለሠፋሪዎቹ መሬት ላርስ ሄጄ አየኋትና ልቤ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ትራክተሬ እዚያ መንደር ሲደርስ ይበላሽ ጀመር። አለቃዬ የብልሽቱ ዓይነት ገብቶት ኖሮ፣ "በል ልጅቷን አግባና ማሽኑ ይዳንልን" አለኝ። አገባኋት። እማማ ዘርፌም ከእኛው ጋር መኖር ጀመሩ።

ስንጋባ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። በአገሯ ብዙ ሰው ስለሚያወጣው እንደ በሽታ አትቆጥረውም ነበር። ኋላ እያደገ ሄዶ ትንፋሽ ሲያሳጥራት ጎንደር ወሰድኳትና ኦፕራሲዮን ተደረገች። የታይሮይድ ዕጢዋ ስለወጣ የእሱን ሥራ የሚሠራላት አንድ ክኒን ታዘዘላት። ዕድሜዋን ሙሉ በየጠዋቱ እንድትውጥ ተነገራት። ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ የነገረን የለም። እኛም መጠየቅ እንዳለብን አላወቅንም። ሲያልቅባት ሰሊጥ ጭነው ወደ ጎንደር የሚወጡ ሾፌሮች ይገዙልኝ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። ድምፅዋ ተመለሰ፤ ውኃ ትቀዳለች፤ ታርማለች፤ እኔን ታሾፍብኛለች።

በሁለተኛው ዓመት የእርሻ ሠራተኞች የአኩሪ አተር ዘር ለመንደሩ አደሉ። አንዲት የልማት ሠራተኛም መጥታ እንዴት እንደሚበላ ለሴቶቹ አሳየቻቸው። ብዙዎቹ "ጥሬ ጥሬ ይሸታል" ብለው ለዶሮ ሰጡት። እማማ ዘርፌ ግን ወደዱት። ቆልተው፣ ፈጭተው አጥሚት ይሠሩበታል። በጾም ጊዜማ እንደ ወተት አጥልለው ሲያቀርቡት ደስታቸው ልክ አልነበረውም። "ሥጋ ነው፣ ወተት ነው ብላናለች፤ ደግሞም አያስገድፍም!" ይሉ ነበር።

እማማ ዘርፌ አንድ የማይሽሩት ሕግ ነበራቸው። የሐኪም መድኃኒት በባዶ ሆድ አይዋጥም። በእርግጥ ይህ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ያን ጊዜ ሁላችንም የምናምነው ነበር። የወባ ክኒን በባዶ ሆዱ ውጦ ያልዞረበት ማን አለ? ስለዚህ በየጠዋቱ ወፈር ያለ የአኩሪ አተር አጥሚት በጣሳ ሞልተው ያቀርባሉ። ልጃቸው ግማሹን ስትጠጣ ክኒኑን ይሰጧታል፤ በቀሪው አጥሚት ታወርደዋለች። ጣሳው ባዶ መሆኑን አይተው ነው ከአጠገቧ የሚነሡት።

ጥቂት ወራት ሲያልፉ ጥሩወርቅ መወፈር ጀመረች። መንደሩ ሁሉ ደስ አለው። ከረሃብ የመጣ ሰው መወፈር ማለት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። "ቆላው ተስማማት"፣ "ባሏ ያዛት" ይሉኛል። እኔም ኮራሁ። ቆይቶ ግን ነገሩ ደስ አላለኝም። ፊቷ ያበጠ መሰለ። ጠጉሯ በማበጠሪያው እየተነቀለ ይወጣል። ድምፅዋ እንደ ወንድ ጎረነነ። ነገር ስጠይቃት እስክትመልስልኝ ሌላ ነገር እጀምራለሁ። ቀልዷም ጠፋ። ከሁሉ የገረመኝ ብርዱ ነው። እኛ በመተማ ሙቀት ሸሚዝ አውልቀን ጥላ ስንፈልግ፣ እሷ ጋቢ ተከናንባ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች።

በርዶኛል ያለ ሰው እዚያ አገር ሌላ ምርመራ የለውም፤ ወባ ነው። የመንደሩ ጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ የወባውን ክኒን ክሎሮኪን ሰጣት። አልተሻላትም። ደገመላት። አልተሻላትም። እማማ ዘርፌ ልጃቸው እየደከመች ስትሄድ አጥሚቱን ማታም ጨመሩላት።

ክረምቱ ወጥቶ መንገድ ሲደርቅ ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት አስጽፌ ሦስታችንም በጭነት መኪና ጎንደር ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሕትና ያለው ሰው ነበር። ገና ሲያያት ክኒኑን ያቋረጠች መስሎት ተቆጣ።

"አንድም ቀን አላቋረጠችም" አልኩት።

እማማ ዘርፌም ኮራ ብለው፣ "እኔው ነኝ የምሰጣት ጌታዬ። አንድም ቀን በባዶ ሆዷ ሰጥቻት አላውቅም። በአኩሪ አተር አጥሚት ነው የምታወርደው" አሉ።

 ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሳቸው ስቦ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ይህ ክኒን እንደ ሌላው አይደለም፤ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ነው የሚዋጠው አላቸው። አኩሪ አተር ለጤነኛ ሰው ጥሩ ምግብ ነው፤ ከዚህ ክኒን ጋር ሲገናኝ ግን መድኃኒቱን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ክኒኑንም የቆላው ሙቀት አበላሽቶት ሊሆን እንደሚችል፣ እርግጠኛ መሆን እንደማይችል ነገረን። "ብቻ እማማ፣ ጠዋት ክኒኗን በውኃ ትዋጥ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ ትብላ። አኩሪ አተሩን ይተዉላት፤ ግድ ካላችሁም ማታ ይሁን" አላቸው።

"ትንሽ ቆይታ?" አሉ እማማ ዘርፌ።

"አዎ፣ ትንሽ ቆይታ።"

"ጌታዬ፣ ትንሽ ቆዩ ሲሉን ነው ልጆቼ ያለቁት።"

  ጥሩወርቅ ጋቢዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ሆስፒታል ተኝታ ክኒኑን ነርሶቹ በውኃ ብቻ ሲሰጧት ሰነበተች። ለውጡን በዓይኔ አየሁት። እብጠቱ ጎደለ፤ ጋቢውን ጣለች፤ አንድ ቀንማ ጫማዬን አይታ "ይህ ጫማ ነው ወይስ የትራክተሩ ጎማ?" ስትለኝ ዕንባዬ መጣ። ዳነች ብዬ ይዣት ተመለስኩ።

ቤታችን በገባን ማግስት ጠዋት ጥሩወርቅ ክኒኗን በውኃ ዋጠች። እማማ ዘርፌ ጣሳውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። "ደረሰ?" ይላሉ። "ገና ነው እማማ" እላለሁ። "አሁንስ?" ይላሉ።  በሦስተኛው ቀን ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጠው አለቀሱ። ምግብም እምቢ አሉ፤ "እሷ ካልቀመሰች እኔ አልቀምስም" አሉ።

ያላደረግኩት የለም። አኩሪ አተሩን ከቤት አወጣሁት፤ ከጎረቤት ለምነው አመጡ። ቄሱን አስመከርኩ። ድሬሰሩ መጥቶ እንዲነግራቸው አደረግኩ።

"አንተ አይደለህ እንዴ ወባ ነው ስትል የከረምከው?" አሉት። "ደግሞ ስለ ባዶ ሆድ ለእኔ ትነግረኛለህ? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!" ድሬሰሩ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።  ያሉት ሁሉ እውነት ነው።

እኔ ጎህ ሲቀድ ነው ወደ እርሻ የምወጣው። ከወጣሁ በኋላ ምን እንደሚሆን አላይም። ግን ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ጥሩወርቅ እንደገና ጋቢውን ስትከናነብ አየሁና ነገሩ ገባኝ። ብቻችንን ስንሆን ያዝኳት።

"ሐኪሙ ያለሽን ሰምተሻል አይደል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ትጠጫለሽ?"

ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገች። "ወንድሞቼ ሲሞቱ እማዬ የምትሰጣቸው አልነበራትም። አሁን አላት። እጇን እንዴት አድርጌ ልመልስ?"

"ትሞቻለሽ እኮ!"

"ነገ እነግራታለሁ" አለችኝ። ነገ ግን አልነገረቻቸውም። ሚስቴን ነው ወይስ አማቴን የምቆጣው? ወይስ የረሃቡን ዘመን? ግራ ገባኝ። ከዚያም ክረምት ገባና እኛ ኦፕሬተሮች ለእርሻ ርቀን ወደ ካምፕ ተላክን።

ታማለች የሚል መልእክት የደረሰኝ ዝናቡ ሲበረታ ነው። ትራክተሩን ይዤ መጣሁ። ስጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድናለች። ሰውነቷ ቀዝቅዟል። ወደ ጎንደር የሚወጣ መኪና አልነበረም፤ በዋልካው ጭቃ የሚደፍር ሾፌር የለም። ተሳቢው ላይ ሣር አንጥፌ አስተኛኋት፤ እማማ ዘርፌ ጭንቅላቷን ታቅፈው ተቀመጡ። ብዙም ሳንሄድ ወንዙ ሞልቶ አገኘነው። ጎደለ አልጎደለ እያልኩ ዳር ላይ ስመላለስ እማማ ዘርፌ በትንሽ ጣሳ የያዙትን አጥሚት ከንፈሯ ላይ ያስጠጋሉ። "ቅመሺ እናቴ፣ ቅመሺ" ይላሉ። አጥሚቱ በአገጯ ይወርዳል። ያን ሁሉ መሬት የሚገለብጥ ማሽን ይዤ አንድ ወንዝ መሻገር አቃተኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ወንዙ ሳይጎድል፣ እዚያው ዐረፈች።

በለቅሶው ላይ እማማ ዘርፌ ደረታቸውን እየመቱ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦

"ሁለቱን በረሃብ ባዶ ሆድ ሸኝቼ፣
ሦስተኛዋን ላክኋት አብልቼ አጠጥቼ።"

ለቀስተኛው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። "ተመስገን በይ እንጂ ዘርፌ፣ ቢያንስ በእጅሽ በልታ ሄደች" አሏቸው አንዲት አሮጊት። እማማ ዘርፌ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ምስክሬ ነህ ልጄ። ርቧት አልሄደችም አይደል?"

ሰው ሁሉ አየኝ። 

"አልራባትም እማማ" አልኳቸው።

ያን ቀን ያልኩት ውሸት አልነበረም። ግን እንደዚያ የከበደኝ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እማማ ዘርፌ ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ አብረውኝ ኖሩ፤ ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ጠዋት ጠዋት ጣሳቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቁኛል። ስለቸኮልኩ እምቢ ልል አንድ ቀን አፌን ከፈትኩና ፊታቸውን አየሁ። ተቀብዬ ጠጣሁት። የጥሩወርቅ ነገር በደንብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የገደላት አኩሪ አተሩ ይሁን፣ ሙቀት ያበላሸው ክኒን ይሁን፣ ወይም ሌላ ነገር ይሁን እርግጠኛውን የነገረኝ የለም። ሰው ሲሞትበት የሚቆጣው ይፈልጋል፤ እኔ ይኸው እስከ ዛሬ ፈልጌ አጣሁ።