«አልሠራም» የሚል ሰው ፍለጋ

ጋሽ ተከስተ ከአንድ ነገር በቀር ሰው ሲለምኑ አይቼ አላውቅም። የጎረቤት መሰላል ለመዋስ እንኳ ቀኑን ሙሉ የሚያቅማሙ ሰው ናቸው። ለዚያ ለነፃው ሶፍትዌር ሲሆን ግን ከቂርቆስ ቡልጋሪያ፣ ከቡልጋሪያ ኦሎምፒያ በእግራቸው እያካለሉ «ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር አንዴ ሞክሪልኝ» ይላሉ። እኔ ይህን ልመና አልወደውም ነበር። አሁንም አልወደውም።

ትንንሽ ክሊኒኮች የወረቀት ካርዳቸውን ትተው የበሽተኞቻቸውን መዝገብ በኮምፒውተር የሚይዙበት ፕሮግራም አለን። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል፣ ማንም አይከፈልበትም። እኔ ኪዱ፣ ኦሎምፒያ ካለው ቢሮዬ ስወጣ ኮድ እጽፍለታለሁ። ጋሽ ተከስተ ደግሞ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የፕሮግራሙ የአሮጌው ስሪት፣ የቀድሞው ቨርዥን፣ ጠባቂ ናቸው። አዲሱን ስሪት የሚችል ኮምፒውተር የሌላቸው ክሊኒኮች አሁንም የሚሠሩት በአሮጌው ነው። ሌባ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ ሲገኝበት እኛ እንደፍነዋለን። ማሻሻያው ለሁሉም ከመላኩ በፊት ግን በየክሊኒኩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች መሞከር አለባቸው። ሥራው ሁልጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ኮድ ለመጻፍ የሚሽቀዳደም ሞልቷል፤ የተጻፈውን ቁጭ ብሎ የሚሞክር የለም። ስም አያስጠራ፣ አያስጨበጭብ፤ ማን ይፈልገዋል?

ካዛንቺስ ሳይፈርስ እዚያ በነበሩት ክሊኒኮች ጥሩ ጥሩ ሞካሪዎች ነበሩን። ሰፈሩ ሲነሣ ሰዎቹም አብረው ተነሡ፤ ግማሹ ከተማ ዳር ቤት ደረሰው፣ ግማሹ ሥራ ቀየረ። ከወረቀት ካርድ የተገለበጠ የድሮ መዝገብ ያለው፣ የሚሞክርልንም ሰው የሚገኝበት ክሊኒክ አንድ ብቻ ቀረ። እሱም ቡልጋሪያ ያለው ነው፤ ሞካሪዋም ነርሷ ኢኽላስ።

ኢኽላስ ጎበዝ ናት፤ ግን አንድ ሰው የሦስት ሰው ሥራ የሚሠራበት ክሊኒክ ነው። ጋሽ ተከስተ ይደውሉላታል፤ ካላነሣች ይሄዳሉ፤ ወረፋው ጋብ እስኪል በሩ አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚያ «እንዴት ነው ልጄ፣ ደህና ነው አይደል?» ይሏታል። «ደህና ነው ጋሼ፣ ሠርቷል» ትላለች። መርቀዋት ይመለሳሉ። «ምን ምኑን ሞከረች?» ስላቸው «ሰው ቃሉን ከሰጠ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ብለው ይቆጡኛል። እኔ ዝርዝር እፈልጋለሁ። እሳቸው ሰው ያምናሉ።

ባለፈው ክረምት አንድ ትልቅ ቀዳዳ ደፈንን። ማሻሻያው ግን ሳናውቀው ሌላ ነገር አበላሸ፤ ከወረቀት በተገለበጡት መዝገቦች ላይ፣ በሽተኛው የማይስማማው መድኃኒት ሲኖር ከላይ የሚወጣውን ቀይ ማስጠንቀቂያ አጠፋው። አንድ የድሮ መዝገብ የከፈተ ሰው ወዲያው ያየው ነበር። ኢኽላስ ያን ቀን አንድም አልከፈተችም። ክሊኒኩ ጢም ብሎ ነበር፤ ሽማግሌው በላይ በላዩ ደውለዋል፤ «ደህና ነው ጋሼ» ብላ በቴሌግራም ላከችላቸው። ክፋት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ያን ያህል ለለመነ ታላቅ ሰው «ገና አልነካሁትም» ማለት አቃታት። ማሻሻያው ወጣ።

እትዬ ጀማነሽ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚኖሩ፣ ከጋሽ ተከስተ ጋር አንድ እድር ያሉ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ጉሮሯቸውን አሟቸው ወደዚያ ክሊኒክ ሄዱ። ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ያወቁት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ካርዴ ላይ ተጽፏል ብለውም ተማምነዋል። ኢኽላስ ዕረፍት ላይ ነበረች። የተካት ነርስ ስክሪኑን አየ፤ ቀይ ነገር የለም። ፔኒሲሊን ወጋቸው። ከተኙበት አልተነሡም።

ኢኽላስ ከዕረፍት ተመልሳ መዝገቡን ስትከፍት የሆነውን ተረዳችና እያለቀሰች ለጋሽ ተከስተ ደወለች። ማሻሻያውን በዚያው ሰዓት ከየክሊኒኩ መለስነው። ጋሽ ተከስተ በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ ምን እንደተበላሸ ጻፉና «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ስማቸውን አሰፈሩ። የእሷን ስም አላነሡም። የእትዬ ጀማነሽ አንድያ ልጅ፣ ልደት የምትባለው፣ እንዲህ ያለ ገጽ መኖሩንም አታውቅም። የእናትሽ ቀን ደርሶ ነው አሏት፤ እሷም ተቀበለች።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ ከጋሽ ተከስተ ጎን ተቀምጬ ነበር። የሚገባው ሁሉ «እንዴት ነሽ ልደት?» ይላታል። ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ለሁሉም እንዲሁ። ጋሽ ተከስተ ይህን ሲሰሙ ቆዩና ክንዴን ያዙኝ።

«ኪዱ፣ እኔ እኮ ስጠይቅ የኖርኩት እንዲህ ነው» አሉኝ። «እናቷን የቀበረች ልጅ እንኳ ደህና ነኝ ትላለች። ደህና ነው ወይ ብዬ ጠይቄ ምን መልስ ላገኝ ኖሯል?»

እንደዚያ ቀን ያዘንኩላቸው ጊዜ የለም።

ቢሆንም ተናድጄባቸዋለሁ። ለልደት እነግራታለሁ እያሉ ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ። «ጋሼ፣ ይንገሯት እንጂ!» ስላቸው «ብቻዬን ብነግራት ኢኽላስን አሳልፌ መስጠቴ ነው፤ እሷ ደግሞ ስልክ አታነሣም» ይሉኛል። በሞተ ሰው ላይ ይሉኝታ! እናቷ ለምን እንደሞቱ የማታውቅ ልጅ በየመንገዱ ስታገኛቸው አክብራ ሰላም ትላቸዋለች፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። በዚያ ላይ ማሻሻያውን ስለመለስነው ቀዳዳው ተመልሶ ተከፍቷል። ማንም ሰው ከውጭ ገብቶ የሰውን የደም ምርመራ ውጤት ማንበብ ይችላል። አዲስ ማሻሻያ ጽፌ ጨረስኩ። ያለ ኢኽላስ ግን የሚሞከርበት ቦታ የለም።

በመጨረሻ አብረን ሄድን። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ክሊኒኩ ውስጥ ከኢኽላስ በቀር ሰው አልነበረም። ስታየን ፊቷ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ» አለች። «የእኔ ቃል ሰው ገድሏል።»

ጋሽ ተከስተ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የእኔም አጠያየቅ አብሮሽ ነበር» አሏት። «ዛሬ ደህና ነው ወይ አልልሽም። ውስጡ የተበላሸ ነገር አለ። እሱን ፈልገሽ አሳዪኝ።»

«እንዳለ በምን አወቁ?»

«ኪዱ ነዋ የጻፈው!»

ኢኽላስ ሳታስበው ፈገግ አለች። ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጋውኗን አስተካክላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

ለሙከራ በገለበጥነው ቅጂ ላይ የድሮ መዝገቦችን አንድ በአንድ ትከፍት ጀመር። ቀዩ ማስጠንቀቂያ ወጣ። በሚቀጥለውም ወጣ። በሌላውም። እኔ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። «በቃ፣ ሠራ እኮ! ማለቴ... ሌላ ምን ቀረ?» አልኩ። ጋሽ ተከስተ ገላመጡኝ። እሷ ቀና ብላም አላየችኝ፤ መክፈቷን ቀጠለች። በሽተኞች መጥተው ደጅ መቀመጥ ጀመሩ፤ «ትንሽ ታገሡኝ» አለቻቸው። ክሊኒኩ ውስጥ ይህን ቃል ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ እጇ ቆመ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት የማይስማማው የአንድ ሰው መዝገብ ነበር። ስክሪኑ ላይ የወጣው አንዱ ብቻ ነው።

ዓይኖቿ ከስክሪኑ ወደ ጋሽ ተከስተ፣ ከእሳቸው ወደ ስክሪኑ ይመላለሳሉ። ስንት ቀን ደክመንበት፣ በእግራቸው መጥተው ለምነዋት፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጡ ትልቅ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ አልሠራም» አለች። «አይላኩት።» ወዲያውም «ይቅርታ፣ እኔ...» ብላ ጀመረች።

«ይቅርታ አትበይ!» አሉ ጋሽ ተከስተ፤ ድምፃቸው ጎላ ብሎ ደጅ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ከወንበራቸው ተነሡ። «አላህ ይባርክሽ ልጄ። አላህ ያክብርሽ።» ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ የሚጠረግ ነገር ግን መነጽሩ ላይ አልነበረም።

ስሕተቱ የእኔ ነበር። በማግስቱ አርሜ አመጣሁት። ኢኽላስ «ትናንት አይቼዋለሁ» ሳትል ከመጀመሪያው መዝገብ ጀምራ ደገመችው፤ ያንን ሰው ስትከፍት ሁለቱም ወጡ። «ሠርቷል» አለች፤ በዚህ ጊዜ እኔም አመንኳት። ማሻሻያው በዚያው ከሰዓት በኋላ ወደ ክሊኒኮቹ ሁሉ ሄደ። ደስ ብሎኝ ማኪያቶ ልጋብዛችሁ አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ኢኽላስ ጋውኗን እያወለቀች «የእትዬ ጀማነሽ ልጅ ታውቃለች?» አለች።

«አታውቅም» አሉ ጋሽ ተከስተ።

«እስካሁን? ለእኔ ብለው ነው?»

ጋሽ ተከስተ መሬት መሬቱን አዩ።

«እንሂድ ጋሼ። አሁን። ነገ ካልን እኔ እቀራለሁ።»

«ኢኽላስ፣ ሊከሱሽ ይችላሉ እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችና ሻርፗን አስተካክላ ቀድማን ወጣች።

ወደ ቂርቆስ በእግራችን ሄድን። ልደት በሩን የከፈተችው በጥቁር ልብሷ ነበር። የእድሩን ሽማግሌ ስታይ ፊቷ በራ።

«ውይ ጋሼ! ግቡ፣ ግቡ እንጂ። እንዴት ናችሁ? ደህና ናችሁ?»

ጋሽ ተከስተ አፋቸውን ከፈቱ። ወደ ኢኽላስ ዞሩ። ኢኽላስ አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበች።

«ደህና አይደለንም» አለች። «እኔ ኢኽላስ እባላለሁ፣ የክሊኒኩ ነርስ ነኝ። እናትሽ የሞቱት ቀናቸው ደርሶ አይደለም። የመጣሁት እሱን ልነግርሽ ነው።»

ልደት በሩን እንደያዘች ሦስታችንንም በየተራ አየችን። ከዚያ ገለል ብላ አስገባችን።