የምንጣፉ ራስጌ

እድፍ በእጥበት ይወጣል ይላሉ። አዎን፣ ይወጣል! እኔ ሲወጣ አይቻለሁ። ከታጠበ በኋላ ወጣና እናቴንም ከቤቷ ይዟት ወጣ።

አባቴ ደብረ ብርሃን ላይ የሞተ ጊዜ ገና ለጋ ልጅ ነበርኩ። ለአርባው ተዝካር ቄሶቹን የምናስቀምጥበት ደህና ምንጣፍ አልነበረንም። እናቴ ከጎረቤታችን እመቤት የበግ ጠጉር ምንጣፍ ተዋሰች። የሴትዮዋ ባል አንኮበር ግቢ ባለሟል ነው፤ እሷም ይህን ለማንም ሳትናገር አታድርም። ምንጣፉ ከጭስና ከአቧራ ብዛት ነጭ ይሁን ጥቁር አይለይም። ስታውሰን ግን የንጉሥ ካባ ያወረደችልን ያህል ተኮፈሰች።

በተዝካሩ ዕለት እናቴ ደክሟት ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሴቶቹ ደግፈው እዚያው ምንጣፉ ላይ አስተኟት፤ ጥቂት ቆይታ ተነሳች። ነገሩ ይኸው ነው። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ዓይኑ ከእርሻችን ላይ አልተነሳም። መሬቱ የአባቴ ነውና ለእኔ ይተላለፋል፤ እናቴ ሐዘኗን ጠብቃ በጨዋነት እስከተቀመጠች ድረስ እኔንም መሬቱንም የሚነካባት የለም። ስሟ ከጎደፈ ግን ሞግዚቴ እሱ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እናቴ «የሰው ዕቃ እንዲሁ አይመለስም» ብላ ምንጣፉን በሬሳ ከሚባለው ወንዝ ዳር ለሚያጥብ ሰው ሰጠች። ሥራው ይኸው ነው፤ እንዶድ ይወቅጣል፣ በአረፋው ይነክራል፣ ከዚያ ግማሽ ቀን ሙሉ በእግሩ ይረግጣል። ያ ጥቀርሻ የመሰለ ነገር እንደ ወተት ነጣ! እርጥቡን አህያ ላይ ሲጭንልኝ «ስሚ ልጄ» አለኝ፤ «ፊቱን ወደ ሣሩ ገልብጠሽ ጀርባውን ለፀሐይ ስጪው። የድሮ ቅቤ ሥሩ ገብቷል፣ እንዶዱ አልደረሰበትም፤ ሲደርቅ ፀሐይ ወደ መታው ይወጣል። በጀርባው ቢወጣ ማን ያየዋል?»

እኔ ቂል! ድሆች ብለው የናቁን ሁሉ ንጣቱን አይተው ይፈሩ ብዬ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ከአጥሩ ላይ ዘረጋሁት። በማግስቱ ራስጌው ላይ የሰው ራስ የሚያህል ቡናማ እድፍ ወጥቶበት አገኘሁት። ሳሸተው አደስ አደስ ይላል። አደስ የገባበት ቅቤ ደግሞ ለወጥ አይደለም፣ ለራስ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ጠጉሯን ተላጭታ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ቅቤ እንደማትቀባ የማያውቅ በአገራችን የለም።

እመቤቲቱ ምንጣፏን ልትወስድ መጣች። አየችው፣ ጎንበስ ብላ አሸተተችው፣ ደረቷን መታች። «ወይ ጉድ! የባልሽ አፈር ሳይደርቅ ቅቤ!»

«ማርያምን፣ እሜቴ! ጠብታ አልነካሁም» አለች እናቴ።

«ታዲያ ያን ቀን እዚህ ላይ የተኛው የማን ራስ ነው?»

አይ ዓይን ማውጣት! ስንት ዓመት በቅቤ የራሰ ጭንቅላቷን አሳርፋበት ስታበቃ የማን ራስ ነው ትላለች።

አጎቴ ሳይውል ሳያድር ሽማግሎች ሰበሰበ። አጣቢውን ጠሩት። «እኔ ማጠቡን እንጂ የማን ቅቤ እንደሆነ ምን አውቃለሁ» አለና መሬት መሬቱን አየ። እንጀራው ከዚያች ሴትዮ ቤት ነው፣ ምን ያድርግ ይሉኛል። ምን ያድርግ? ይናገር ነበራ! እናቴ ሻሿን ፈታ የተላጨ ራሷን አሳየቻቸው። ቆዳው ከመድረቁ የተነሳ ተሰነጣጥቋል። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ራሷን ስትገልጥ እኔ በእሷ ፈንታ አፈር ልግባ አልኩ። አንዱ ሽማግሌ «ታጥባው ቢሆንስ?» አለ። ሌሎቹ ግን ማመንታት ጀመሩ። አንደኛውማ «ኧረ ተዉ፣ በእድፍ ሰው አይፈረድም» ብሎ ነበር።

ያን ጊዜ ዝም ብል ምን ነበረበት! ዝም አይነቅዝም። እኔ ግን ብድግ አልኩና «ቅቤው የእሜቴ ነው! የቆየ ነው፣ ሲደርቅ ይወጣል ብሎ እሱ ራሱ ነግሮኛል! ፊቱን ወደ ላይ ያሰጣሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ወደ አጣቢው ጠቆምኩ። አጣቢው ቀና እንኳ አላለም። «እኔ ከሕፃን ጋር ምን ወግ አለኝ» አለ።

አጎቴ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «አያችሁ? የወንድሜን ልጅ በእመቤት ላይ ውሸት አስጠንታታለች! እንዲህ ላለች ሴት ልጅ ይተዋል?» አለ። ቅድም «ኧረ ተዉ» ያለው ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ፣ ነጠላውን አጣፋ። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልቆየም። እናቴ መዘዞ አገር ወዳሉት ወገኖቿ ትሂድ፣ ልጅቱ ከነመሬቷ ለአጎቷ ተባለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኛ እያደር ጠቆረ።

ስትሄድ አጎቴ ክንዴን ጨምድዶ በሩ ላይ አቆመኝ። እናቴ ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

«እውነት ነው የተናገርሽው፣ ልጄ። አይቆጭሽ» አለችኝ።

ይቆጨኛል።