በወንድሜ ሸክላ ላይ የመሰከርኩት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ኃጢአቴን ስናዘዝ ይህቺን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። አሁን እጽፋታለሁ። እኔ በወንድሜ ላይ ዋሽቻለሁ። ማንም አላስገደደኝም።

ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ቀድሞ ቶሮንቶ ገባ። በኋላ እማዬንና እኔን ስፖንሰር አድርጎ አመጣን። ሪጀንት ፓርክ ሰፈር፣ እሱ በተከራየው ቤት አብረን ኖርን። አንድ ቀን ኢስት ዮርክ ሰፈር ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ ዕቃ ሲሸጡ አግኝቶ የሮክ ሸክላ ይዞ መጣ። ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ታሪክ የሚዘፈንበት ነው። ባቡሩን አላቆምም ብሎ ስለሄደ ሾፌር። እኔ እንግሊዝኛ አይገባኝም ነበር። ዳዊት መርፌውን እያነሳ በአማርኛ ይነግረኛል።

«አሁን የምትዘፍነው ሚስቱ ናት።»

«የወንድ ድምፅ እኮ ነው።»

«ኦፔራ ነው ማሙሽ፣ ዝም ብለህ ስማ።»

የመጨረሻው ገጽ ሲቀረን ሁዳዴ ገባ። እኛ ቤት በሁዳዴ ዘፈን አይከፈትም። «ለፋሲካ አብረን እንሰማዋለን» አለኝ።

ሁዳዴው ሳይወጣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አገኘሁት። ስፒከሩን ነቅሎ፣ ጆሮውን ሸክላው ላይ ደፍቶ፣ ከመርፌው የሚወጣውን ቀጭን ድምፅ ይሰማል። የመጨረሻውን ገጽ። ያለ እኔ።

ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። እዚያ ላይ ባቆም እውነት ነበር። እሷ ግን «ለመሆኑ ምንድን ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር መሪ ነበርኩ፤ ቃሌን ታምናለች። እኔ ምን አልኩ? «ሰይጣንን ነው የሚያወድሰው» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ዘፈኑ የማይገባኝ እኔ።

«እማዬ፣ እንደዚያ አይልም» አላት ዳዊት።

«ታዲያ ይሄ ልጅ ዋሸ ነው የምትለው?»

ዳዊት አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። «አይ፣ አልዋሸም» አለ።

እማዬ ወይ ሸክላው ይሰበር ወይ እኔ እወጣለሁ አለች። ሸክላውን ቢሰብር ውሸቴን እውነት ማድረጉ ነው፤ ዋሽቷል ቢል እኔን ማዋረዱ ነው። እሷ ከምትወጣ ብሎ ሸክላውን ይዞ ከገዛ ቤቱ ወጣ። ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር ጓደኛው ጋ ገባ። ኪራያችንን መክፈል ግን አልተወም።

በሚቀጥለው ክረምት መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራቶበት ሞተ። እማዬ ለለቀስተኛው ሁሉ «ልጄን ያ የሰይጣን ዘፈን ወሰደብኝ» አለች። እኔ ሻይ አቀርብ ነበር። ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬም ልጄ ነፍሱ ጠፍታ ቀረች እያለች ታለቅሳለች።

ሸክላውን ጓደኛው ሰጠኝ። አሁን እንግሊዝኛው ይገባኛል። አራቱንም ገጽ ሰማሁ። የሰይጣን ስም አንድም ቦታ የለም።

ልጅ ነበርኩ ልበል? አልልም። ለለቀስተኛው ሻይ ስቀዳ ልጅ አልነበርኩም። ነገ ከቅዳሴ መልስ ለእማዬ እነግራታለሁ። ስለ ነፍሱ ማልቀሷን ትተዋለች፤ በውሸት ስላስወጣችው ግን ታለቅሳለች። እሱንም ያሸከምኳት እኔ ነኝ። ዓይንህን አልይ ብትለኝ እውነቷን ነው።

ለእኔ አትማልዱ። የምትጸልዩ ከሆነ ለእሱ ጸልዩ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው።