የአያቴ ቀኝ እግር

የአያቴ ቀኝ እግር በስኳር በሽታ ምክንያት ከጉልበት በታች ተቆረጠ፤ እሳቸው ግን አላሰናበቱትም። ከጣና በኩል ነፋስ በመጣ ቁጥር "እግሬን በረደኝ፣ አልብሱኝ" እያሉ ባዶውን ወለል ጋቢ ያስለብሱን ነበር። ከወንበራቸው ፊት ያንን ቦታ ረግጦ የሚያልፍማ ወዮለት!

ዩኒቨርሲቲ ጤና የምማረው እኔ አንድ ቀን ላስረዳቸው ሞከርሁ። "አባባ፣ እግርዎ እኮ የለም። የተቆረጠው ነርቭ መልእክት ሲልክ፣ አንጎልዎ ከእግር የመጣ ይመስለዋል።"

"ይሁን። አሁን የላከው አውራ ጣቴን እንደበላኝ ነው። በይ እከኪልኝ።"

ምን ላድርግ፤ ተንበርክኬ አየሩን አከክሁ።

"ትንሽ ወደ ግራ" አሉ። "እሰይ! ተባረኪ።"

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ አንዲት ጎረቤታችን በወንበራቸው ፊት ሊያልፉ ሲሉ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ባንድ ድምፅ "እግራቸውን!" ብለን ጮህን። ሴትዮዋ ደንግጠው ወደ ኋላ ዘለሉና እንደ ልማዳቸው "ይቅርታ አባቴ!" አሉ።

ለቀስተኛው በሳቅ ፈነዳ። እኛም እየሳቅን፣ እሳቸው ምን እንደሚሉ ለመስማት ሁላችንም ወደ ወንበሩ ዞርን።